ርካሹ ፖሊሽ ማሽን የሚያስከፍለው

ደባርቅና ዳባት ላይ መኪና ፖሊሽ ማስደረግ የሀብታም ነገር የሚመስለው ብዙ ነው። ባለመኪናው ግን እንደዚያ አያየውም። እንግዳ ይዞ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣው ላንድክሩዘርም ሆነ ጎንደር የሚመላለሰው ሚኒባስ የቤተሰብ እንጀራ ነው። ጣሪያው የነጣ፣ ኮፈኑ የተላጠ መኪና ኪራዩም የመሸጫ ዋጋውም ይወርዳል።

ድሮ ቢሆን «ሽጬ ሌላ እገዛለሁ» ይባል ነበር። አሁን አይባልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቀቀ። በክልሉ ያለው ግጭት ደግሞ የስሜንን እንግዳ አራቀው። እናም ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ግዴታ ሆነ።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከፀሐዩ ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ጨረር ከቀለሙ በላይ ሆኖ የሚመክተው ክሊር ነው። የፋብሪካ ክሊር ውፍረቱ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ ፀጉር ይሳሳል። ፖሊሽ ደግሞ ቀለም አይጨምርም፤ ከዚሁ ስስ ሽፋን ላይ ጥቂት ፍቆ ጭረቱን ያጠፋል። ያለቀ ክሊር በፖሊሽ አይመለስም።

ታዲያ ርካሹ ማሽን የትኛው ነው? ብዙ ጋራዥ ያለውን ግራይንደር ስፖንጅ ያስርበታል። ወጪ የለውም። ነገር ግን ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ለፖሊሽ የተሠራው ተሽከርካሪ ማሽን ከ600 እስከ 3,000 ይበቃዋል። በዚያ ፍጥነት የፓራፋንጎ ጠርዝ በሰከንዶች ይቃጠላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው፤ የተረፈው ዕዳ ስቱኮና ሙሉ ቀለም ነው።

አቅም ላነሰው የሚሻለው ዱዋል አክሽን የሚባለው ነው። ስፖንጁ እየዞረ ወዲህ ወዲያም ይንቀጠቀጣል፤ ሲጫኑት ወይም ጠርዝ ሲነካ መዞሩን ያቆማል። ሥራው ይዘገያል፣ ቀለም የመብላት አደጋው ግን ያነሰ ነው። ሲገዙ ፍጥነቱ የሚስተካከል መሆኑን፣ መለዋወጫ ስፖንጅ ገበያ ላይ መኖሩን ማየት ይበቃል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣው በአብዛኛው የ120 ቮልት ነው፤ እኛ ዘንድ 220 ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። በባትሪ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ ያድናል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ማሽኑም ብቻውን አይበቃም። ከፓርኩ የጠጠር መንገድ አቧራ ለብሶ የመጣን መኪና በደንብ ሳያጥቡ ማሽን ማሳረፍ በብርጭቆ ወረቀት እንደመፈግፈግ ነው። ቀድሞ ላቫጆ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ስፖንጅ፣ በመጨረሻ ሰም። ከዚያ በኋላ ጥላ ሥር ማቆም ከማንኛውም ማሽን ይረክሳል።

የዳባትና የደባርቅ ባለጋራዦች ለየብቻ የማይደፍሩትን አንድ ደህና ማሽን በማኅበር ገዝተው ቢዋዋሱት ማንም አይከስርም። ባለመኪናውም ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት «ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «በምንድን ነው የምትሠራው?» ብሎ ይጠይቅ። ግራይንደር ካወጡለት ቁልፉን ተቀብሎ ቢመለስ ያተርፋል።