ከተሞክሮዬ፦ ከምድጃው በፊት

ልጅ ሆኜ ጎንደር ቤታችን እንጀራ ሲጋገር እሳት የምማግደው እኔ ነበርኩ። ጨዋታ አምሮኝ እንጨቱን ባንዴ ከከመርኩት ማድ ቤቱ በጭስ ይታፈናል፣ ምጣዱም ይቀዘቅዛል። «ጥቂት ጥቂቱን ማግድ እንጂ፣ አንተ ልጅ!» ትለኝ ነበር እናቴ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ያህል እሳት ላይ ሠራሁ፤ በጥቁር ናፍጣ ጀምሬ በድንጋይ ከሰል ጨረስኩ። አገራችን መብራቷን በአብዛኛው የምታገኘው ከውኃ ስለሆነ ከሰሉ የሚነደው በሲሚንቶና በመሰል ፋብሪካዎች ነው። አከማቸቱ፣ አፈጫጨቱና አነዳደዱ ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተርባይን በሚያዞሩት ማመንጫዎች ካለው ብዙም አይለይም።

የመጀመሪያው ትምህርቴ ከክምሩ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሰሉን በሎደር እያነሳን እንደ ተራራ ቆለልነው። እንዲህ ሲደፋ ትልልቁ ተንከባሎ ከግርጌ ይቀራል፣ ደቃቁ መሃል ይከማቻል። ነፋስ በግርጌው ክፍተት ይገባና መሃሉን ያሞቀዋል፤ ክብሪት የጫረ ሰው ሳይኖር። አንድ የነሐሴ ጠዋት ክምሩ በሙሉ ረጥቦ አንድ ጥግ ብቻ ደርቆ አየሁት፤ ከላዩ እንደ ጉም ያለ ነገር ይወጣል፣ ሽታው ላምባ ላምባ ይላል። ፌሮ ወጋንበትና ቆይተን ብናወጣው እጅ አያስይዝም። እኛ ሞኞቹ ውኃ አርከፈከፍንበት፤ ላይ ላዩ በረደ፣ ውስጡ ባሰበት። መፍትሔው ቆፍሮ ማውጣትና አስፍቶ ማብረድ ነበር። ከዚያ በኋላ በስሱ እየደለደልን፣ በሎደሩ እየረገጥን፣ መጀመሪያ የገባውን መጀመሪያ ማንደድ ጀመርን። በየጠዋቱም ፌሮ።

ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። ከጎንደር ወደ መተማ ሲኬድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጭልጋ አለች፤ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪቶች የተገኙባት። ከሰሏ ያልበሰለ፣ ሊግናይት የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሳተ ገሞራ በተፋው አመድና በሸክላ አፈር መሃል ተነባብሮ ይገኛል። እንዲህ ያለው እርጥበትና አመድ ይበዛበታል፣ ሲደርቅ ይፈረፈራል፣ ተከምሮ ሲቆይም ቶሎ ይሞቃል። በክረምት ሆፐር ውስጥ ተጣብቆ አልወርድም ሲል ሠራተኛው መዶሻ ያነሳል፤ ሲመታ ግን ጭራሽ ይጠቀጠቃል። ድንኳን ወይም ቆርቆሮ አልብሱት፤ ከመዶሻ ይረክሳል።

አየራችንም ይቆጠራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ሻይ በ93 ዲግሪ የሚፈላበት አገር ነው። አየሩ ከባሕር ዳርቻው (ከቀይ ባሕሩ ማለቴ ነው) አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ደባርቅ ሲደርሱ ሩብ ያህል። ለወደብ ከተማ የተሠራ ቬንትሌተር እዚህ ቢተከል ጭስ ማውጫው ይጠቁራል። እኛ ከሰሉን ስናማ ከረምን፤ ጥፋቱ የአየር እጥረት ነበር።

ከሰል በሚንቀሳቀስ ፍርግርግ ላይ ሲነድ ንጣፉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከወፈረ አመዱ ይጋገራል፤ ከሳሳ ነፋሱ ይበሳዋል። ደቃቁ ከደረቀ ትንሽ ውኃ ይረጭበት፣ አለዚያ በፍርግርጉ ሾልኮ ሳይነድ ከአመድ ጋር ይጣላል። ይህን ለወጣቶቹ ሳስረዳ የእናቴን ንግግር ነው የምደግመው።

የተፈጨው ሌላ ጉድ ነው። 70 በመቶው ከ75 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይልማል፤ በርበሬ አጠገቡ አሸዋ ነው። በአየር ተነፍቶ ሲገባ እንደ ጋዝ ይነዳል፤ በማይገባው ቦታ ከቦነነም እንደ ጋዝ ይፈነዳል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ልጆች፣ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ከሰል እንደያዘ ከቆመ፣ ሳይበርድ በሩን አትክፈቱ። በታመቀ አየርም አታራግፉት። አለቃ ቢቆጣም ይቆጣ።