«ጫኚው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ለእናታችሁ ስልክ ስታሳዩ «እማዬ፣ ጫኚው» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? በጣትሽ ንኪው? ፎቶውን ስቀዪው? ወይስ አፑን ስልክሽ ላይ አስገቢው? በቋንቋችን «መጫን» ሦስቱንም ሥራ ይሠራል። እኛ ለምደነዋልና ከሁኔታው እንለየዋለን፤ እናት ግን ቃሉ ላይ ቆማ ትቀራለች። በመጨረሻም «ተዪው፣ እኔ ላድርግልሽ» ብለን ስልኩን ከእጇ እንወስዳለን። «ንኪው» ብንል ኖሮ በነካችው ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቶችንና አባቶችን የስልክና የኮምፒውተር አጠቃቀም አስተምራለሁ። ብዙዎቹን የሚያስቸግራቸው መሣሪያው ሳይሆን ቃላቱ ናቸው። አንድ ቀን አንዲት እናት «ለመሆኑ ይህ ኢንተርኔት የምትሉት ያለው የት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሊያግዙኝ የመጡ ወጣቶች ሳቁ። እስቲ እናንተ መልሱት። ከሳቁት መካከል አንዱም አልመለሰውም።

ኢንተርኔት በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች የተያያዙበት መረብ ነው። መረቡ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ አገርን ከአገር የሚያገናኘው በአብዛኛው በባሕር ሥር የተዘረጋ ገመድ ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት እንደ ጂቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል ነው ወደዚያ ገመድ የምትደርሰው። ልጃቸው ከባሕር ማዶ የሚልክላቸው ፎቶ በውኃ ሥር ተጉዞ ሊመጣ እንደሚችል ስነግራቸው እኚያ እናት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

ዌብ ደግሞ ከኢንተርኔት ይለያል። ኢንተርኔት መንገዱ ነው፤ ዌብ በመንገዱ ላይ ከሚመላለሱት አንዱ ነው። ቲም በርነርስ-ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የዌብን ሐሳብ ያቀረበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢንተርኔት ግን ከዚያ በፊት ነበረ። የዌብ ገጾችን የምናይበት ፕሮግራም ብራውዘር ይባላል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ብራውዘሮች ናቸው። ገጹን አስቀምጦ ስንጠይቀው የሚልክልን ኮምፒውተር ሰርቨር ነው። «ክላውድ» ማለትም ደመና ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ፎቶአችሁ ሰማይ አልወጣም፤ የሆነ ድርጅት ሰርቨር ላይ ተቀምጧል።

«ፓኬጄን ምን በላው?» የሚለውም ጥያቄ መልስ አለው። የመረጃ መለኪያ ባይት ነው። ዛሬ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። «ሰላም» እንግዲህ 9 ባይት ነው። አንድ ሜጋባይት 1 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። 50 ሜጋባይት የሆነ የመዝሙር ቪዲዮ ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ «ሰላም» ተብሎ ቢጻፍ የሚይዘውን ያህል ይይዛል። ፓኬጁን የሚጨርሰው ሰላምታ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለፈተና አይደለም። ቃሉን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። በአጥቢያችን ላሉ አንዲት እናት ከወንድማቸው አካውንት «ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ላኪልኝ» የሚል መልእክት መጣላቸው። የወንድማቸው አካውንት ቀድሞ ተሰርቆ ነበር። እሳቸውም ቁጥሩ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ላኩ። በዚያው ቀን በእሳቸው ስም ለጸሎት ጓደኞቻቸው «ቸግሮኛል፣ ገንዘብ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ደረሰ። አንዷ እህት ለቤት ኪራይ ያስቀመጠችውን ላከች። የተላከው ገንዘብ አልተመለሰም፤ እናቲቱም ከኀፍረት የተነሣ ለጥቂት ሳምንታት ከጸሎት ቀሩ።

ያ ቁጥር የማረጋገጫ ኮድ ይባላል። የአካውንቱ ባለቤት እናንተ መሆናችሁ የሚጣራበት የቤት ቁልፍ ነው። ወንድም ቢጠይቅም፣ መጋቢ ቢጠይቅም አይሰጥም። መልእክቱ ከምታውቁት ሰው ቢመጣ እንኳ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይህን አንድ ቃል ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ አስረዱ። ስልኩ በእጃቸው ይቆይ፤ ጣታቸው ራሱ ይሥራ። ሦስት ጊዜ ቢጠይቋችሁ ሦስት ጊዜ መልሱላቸው። ሳቃችሁን የፈራ ሰው ኮዱን ከመላኩ በፊት እናንተን አይጠይቅም።