ዑድ በገደብ

ሽቶ የሚሸጠው በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው። ሱቅ ውስጥ የእጅህ አንጓ ላይ ሲረጩልህ ፍራፍሬ ይሸትሃል፤ ከፍለህ ቤት ስትደርስ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሃል። የአክስቴ ልጅ ከሪያድ ያመጣችልኝ ባለጽጌረዳ ዑድም ከዚህ አይለይም። የቡና አገሯ የገደብ ብርድ ደግሞ ምንም ነገር አያስቸኩልም።

ሲረጭ ኮክ ኮክ፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ተቀብቼው ወደ ወርቃ መንደር ወረድኩ። ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን ይለቅማሉ። አንዲት እማማ አጠገባቸው ስደርስ አየሩን ሳብ ሳብ አደረጉና «ይሄኛው አልጋ አልተገላበጠም መሰለኝ፣ ቦክቷል» ብለው ቡናውን ማገላበጥ ጀመሩ። አልተከራከርኳቸውም። ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና ሳይገላበጥ ከዋለ እውነትም የጠጅ ቤት ሽታ ያመጣል። ልዩነቱ የእሳቸው ፍሬ ዛፍ ላይ መዋሉ ነው። የሽቶ ኮክ የቤተ ሙከራ ልጅ ነው፤ ንጥረ ነገሩ በ1908 ተገኝቶ በ1919 በገርላን «ሚትሱኮ» ሽቶ ስሙ ገነነ (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)።

ፍራፍሬው ሲከስም ጽጌረዳዋ ብቅ ትላለች። እኛ ከዝዋይና ከሆለታ ጽጌረዳ በአውሮፕላን እየጫንን ሆላንድ እንልካለን፤ የተዳቀለችው ግን መንገድና የአበባ ማስቀመጫ እንድትችል ስለሆነ፣ አፍንጫህን ብትቀብርባትም ይህ ነው የሚባል ሽታ የላትም። ሽታዋ በጠርሙስ ተመልሶ ይሸጥልናል። የሽቶዋ ጽጌረዳ የቡልጋሪያ፣ የቱርክ፣ የጣኢፍ ናት፤ ንጋት ላይ ትለቀማለች፣ ለ1 ኪሎ ዘይት ከ3 ሺህ ኪሎ በላይ አበባ ይፈጃል። በ1970 ከቡልጋሪያው ዘይት ውስጥ ዳማሴኖን የሚባል ንጥረ ነገር መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ መጠኑ ኢምንት ሆኖ ሳለ መዓዛውን የሚመራው እሱ ነው። የተቆላ ቡና ውስጥም አለ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ አክስቴ ቆልታ ምጣዱን ስታዞር፣ እንደ ድሮው በእጄ ጢሱን ሳብ አድርጌ ብቻ አላሳልፍም፤ ሌላው እስኪያጉረመርም እይዘዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ዑዱ ይነሳል። መጀመሪያ እርጥብ ቆዳና ጋጣ፣ ቆይቶ ጢስና ማር። ዑድ የታመመ ዛፍ ነው። አሳም፣ ካምቦዲያና ኢንዶኔዥያ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ሲቆስልና ሻጋታ ሲገባበት፣ ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ ጤነኛው እንጨት ሽታ የለውም። እኛ ጋ ቡና ሲሻግት ዋጋው ይወድቃል፣ እዚያ ዛፍ ሲሻግት ባለቤቱ ይከብራል። ዓረቦች ከጥንት በፍም ሲያጤሱት ኖረዋል፤ የአውሮፓ ሽቶ ቤቶች የተሻሙበት ግን ኢቭ ሴን ሎራን በ2002 «ኤም 7»ን ካወጣ በኋላ ነው። ንጥረ ነገሮቹ ከባድ ስለሆኑ ቶሎ አይተንኑም። ሸሚዜ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ውሎም አልለቀቀውም። በእኔ አስተያየት ሽቶ መግዛት ያለበት በማግስቱ ነው።

በዚያው ሸሚዝ ዲላ አንድ የቡና ቅምሻ ክፍል ልገባ ስል በር ላይ ተመለስኩ፤ ሽቶ የተቀባ ሰው አይገባም። ሕጉ ልክ ነው። በመስኮት ቆሜ ሳይ ቀማሾቹ ማንኪያ ማንኪያውን ፉት እያሉ ተፉ። አንደኛው ቀና ብሎ ቅጽ ለሚሞላው ልጅ፣ «የገደብ ነው፤ ፍራፍሬና አበባ ብለህ ጻፍ» አለው።