ጨውን በርበሬው ውስጥ ፈልጉት

"ደም ብዛት አለብህ፣ ጨው ቀንስ" የተባለ የአገራችን ሰው መጀመሪያ የሚከለክለው ወጥ ላይ ጣል የምትደረገዋን ቁንጥር ነው። ወር ቆይቶ ሲለካ ግፊቱ እንዳለ ነው። "እኔ እኮ ጨው አላስነካም!" ብሎ ይምላል። አልዋሸም። ጨው ግን በርበሬው ውስጥ አለ።

ላስታ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በርበሬ ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉ፣ ከበሶብላውና ከኮረሪማው ጋር ጨው ይገባል። ብዙ ቤት ሽሮውም ሲፈጭ ይጨመርበታል። ወጡ እሳት ላይ ሳለ ይቀመስና "አነሰው" ተብሎ ይደገማል። ቡናውስ? ወሎ ነን፣ በጨው እንጠጣለን። ጾም ሲገባ ደግሞ ቅቤው ይቀርና ጣዕሙ ሁሉ በጨውና በበርበሬ ላይ ይወድቃል።

ይህ የላስታ ደጋ ከጨው ጋር የቆየ ጉዳይ አለው። አሞሌ ከደናክል ተነሥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ሽቅብ ይወጣ ነበር፣ ለምግብም ለገንዘብም። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላሊበላን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንር ጽፏል። እንግዳ ሲመጣ ጨው ማሳነስ ንፉግ የሚያሰኘው ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል። ጨው ረከሰ፤ እኛ ግን ዛሬም እንደ ብርቅ እናየዋለን።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት አንድ አዋቂ ኢትዮጵያዊ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የዓለም አማካይ 10.8 ነውና "እኛ እንሻላለን" የሚል አይጠፋም። ከሚገድል ነገር ትንሽ ያነሰ መብላት ምኑ ያኮራል?

አገሮች በ2013 (እ.ኤ.አ.) የጨው ፍጆታን እስከ 2025 በ30 በመቶ ሊቀንሱ ተስማምተው ነበር። ድርጅቱ በ2023 ባወጣው ሪፖርት ግን ዓለም ከግቡ መራቋን ተናገረ። የተሻለ የሞከሩት እነእንግሊዝ ከምግብ ፋብሪካዎች ጋር ተደራደሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ዳቦን ጨምሮ በብዙ የፋብሪካ ምግቦች ላይ የጨው ጣሪያ በሕግ ደነገገች። የእነሱ ጨው አድራሻ አለው። ላስታ ገጠር ላይ ከማን ጋር ትደራደራለህ?

"አዮዲንን አልተሳካልንም ወይ?" ትሉኛላችሁ። ተሳክቷል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር፤ በ2016 በ89ኙ ተገኘ። ግን ጨው ላይ አዮዲን እንዲጨመር ያዘዘው ደንብ ያረፈው አምራቾች ላይ ነው። አፍዴራ ላይ ጨዋማው ሐይቅ ዳር ሥራው ሲስተካከል የእናቶቻችን ማሰሮ አብሮ ተስተካከለ፣ ማንም ልማዱን ሳይቀይር። አሁን የሚጠየቀው ልማድ ነው። (በነገራችን ላይ ሁለቱ ምክሮች አይጣሉም፦ ጨው ይነስ፣ የሚበላው ግን አዮዲን ያለው ይሁን። ደም ብዛትን ፈርቶ እንቅርትን መጋበዝ አይበጅም።)

ስለዚህ ለጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። "ጨው ቀንሱ" ብላችሁ አትለፉ፤ በርበሬውና ሽሮው እንዴት እንደተዘጋጀ ጠይቁ። እናቶች ጨው በርበሬውን ያቆየዋል ይላሉ። ይሁን፣ በርበሬው ውስጥ ከገባ ድስቱ ላይ አይደገም።

ምክሩንም ለሴቷ ብቻ አታሸክሟት። እሷ ቀንሳ ስታቀርብ "ምን አልጫ ነው ይሄ?" ብሎ ሰሃኑን የሚገፋው አባወራው ነው። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ እስከዚያ ሎሚና ቃሪያ ይቅረብለት።