ሕፃንን ፊደል ስለ ማስቈጠር

ፊደልን በቃል መያዝና ፊደልን በዐይን መለየት ልዩ ልዩ ነገር ነው። ይህንንም የተረዳሁት የእኅቴን ልጅ በአምባ ጊዮርጊስ ባስተማርሁበት ክረምት ነው። ሕፃኑ 33ቱን ፊደል ከነሰባቱ መደብ፥ ማለት 231ዱን ቅርፅ፥ እንደ ዜማ ያወርደዋል። ነገር ግን ከመካከል «ዴ»ን ለይቼ በስንደዶ ባሳየሁት ጊዜ ከ«ደ» ካልተነሣ በቀር ሊመልስ አልቻለም። አባቱም ይህን አይቶ፥ «አእምሮው ለትምህርት አልተሰጠም፤ በጎቹን ቢጠብቅ ይሻላል» እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤት ግን ለዚህ ነገር መድኀኒቱን አስቀድሞ ይዟል፤ ይኸውም አቡጊዳ ነው። «አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ» እያለ ፊደሉንም መደቡንም በአንድነት እየለወጠ ስለሚሄድ፥ ተማሪው በለመደው ዜማ ተመርኵዞ ሊያልፍ አይችልም። (አሜሪካዊው ሊቅ ፒተር ዳንኤልስ በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ የእኛን ፊደል ለመሰለ ጽሕፈት ሁሉ ይህንኑ ስም መስጠቱን ስሰማ ደስ ብሎኛል።)

የእንግሊዝ አገር ሕፃናት የፊደሉን ስም ከድምፁ መለየት ይቸግራቸዋል። በእኛ ዘንድ ስሙና ድምፁ አንድ ነውና ከዚህ ድካም ድነናል። የእኛ ድካም ያለው በሳድሱ ነው። ሳድስ አንድ ጊዜ ይሰማል፥ አንድ ጊዜ ይዋጣል፤ ስለዚህ ሕፃኑ «ል፥ ብ፥ ስ» ብሎ ለየብቻ ከጠራ በኋላ የለበሰውን ልብስ መጥራቱን አያውቅም። መጥበቅና መላላትም በጽሕፈት አይታይም፤ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉን ይናገር ወይም ጊዜውን፥ የሚያስታውቀው ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለሕፃኑ በአፉ የማያውቀውን ቃል አልጻፍሁለትም። «በግ»፥ «ገብስ»፥ «ዳባት» የሚሉትን ሰጠሁት። «በ...ግ፥ በ...ግ» ካለ በኋላ ቀና ብሎ ወደ ደጅ ተመለከተና «በግ!» ብሎ ጮኸ። የሀን፥ የሐንና የኀን ልዩነት ግን ለሌላ ጊዜ አቈየሁት። አያቱ፥ ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐ፥ ብዙኃኑ ኀ እያሉ ያደጉ ሰው ናቸውና፥ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል።

በነሐሴ መጨረሻ አባቱ ልጁን ይዞ ወደ ጥርጊያው መንገድ ወጣ። ከደባርቅ በመጣ መኪና ግንባር ላይ የተጻፈውን አሳየውና «ይህስ?» አለው። ሕፃኑ «ጎን» ብሎ ጥቂት ቆየ፤ ቀጥሎም «ጎንደር» አለ። በመስከረም ትምህርት ቤት ገባ። በጎቹን የሚጠብቀው አሁን ከሰዓት በኋላ ነው።