በማኅፀን ያለውን ልብ ማየት

በምዕራብ ዓባያ፣ ከብርብር በታች የሙዝ ማሳው ወደ ሐይቁ በሚወርድበት አገር፣ አራስ ሕፃን ሲሞት «ሾተላይ ወሰደው» ሲባል እንሰማለን። እኛም ከዲቁና ትምህርት ወጥተን በዘመናዊ ትምህርት ቤት የምናስተምር ስንሆን፣ ሐዘን ከቤታችን በገባ ጊዜ ይኸው ቃል ተነገረን፤ የምንመልሰውም አልነበረንም።

ወንድ ልጃችን በተወለደ ሰሞን ደኅና ነበር። በኋላ ግን ጡት ሲጠባ ግንባሩን ያልበው፣ ቶሎም ይደክመው ጀመር፤ ከንፈሩም ጠቆረ። ብርድ መትቶት ይሆናል ብለን ደራርበን አለበስነው። ወደ ሐኪም በወሰድነው ዕለት ሐኪሙ ደረቱን አዳምጠው ልቡ ከአፈጣጠሩ ጉድለት እንዳለበት ነገሩን። በዚያው ሌሊት፣ በተወለደ በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ዐረፈ። ክርስትና ሊነሣ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። ለሞት የሚያሰጋ ሕፃን አርባ ቀን ሳይሞላው እንዲጠመቅ ቤተ ክርስቲያናችን መፍቀዷን ተምረናል፤ ልጃችን የሚያሰጋ መሆኑን ግን አላወቅንም።

ሕመሙ ስለ ምን ተሰወረብን? ፅንስ በማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም፤ ምግቡንም ኦክስጅኑንም ከእናቱ በእትብቱ ያገኛል። ስለዚህ ልቡ ቢጎድል እንኳ በእናቱ ተደግፎ ያድጋል። ከተወለደ በኋላ ደሙ ሳንባውን ሳይነካ ያልፍበት የነበረው አቋራጭ የደም ሥር በጥቂት ቀናት ሲዘጋ፣ ያን ጊዜ ጉድለቱ ይገለጣል። ከመቶ ሕፃናት አንዱ ያህል የልብ ጉድለት ይዞ እንደሚወለድ ሐኪሞች ይናገራሉ።

ባለቤታችን ዳግመኛ በፀነሰች ጊዜ ወደ አርባ ምንጭ ሄደን ያለፈውን ተናገርን። ሐኪሙም ወንድሙ በልብ ጉድለት የሞተ ፅንስ ተለይቶ ሊታይ እንደሚገባው ገልጸው፣ በአምስተኛው ወር በአልትራሳውንድ መረመሯት። መሣሪያው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም በጋሞ ተራሮች ላይ እረኛ ሲጣራ እንደሚመልሰው የገደል ማሚቶ ተመልሶ ሥዕል ይሆናል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም። ይህን ጥበብ ለፅንስ ምርመራ ካዋሉት መካከል ቀዳሚው የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ነበሩ፤ ሥራቸውንም ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚያ ሥዕል ላይ ገና ያልተወለደ ልብ በአራት ክፍሎቹ ሲመታ አየን። ሐኪሙ ግን ልብን አጣርቶ ለማየት የሠለጠነ ዓይን እንደሚያስፈልግ፣ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ሊያመልጡ እንደሚችሉ አልሸሸጉንም።

ከምርመራው ስንመለስ አንዲት እማሆይ፣ «እግዚአብሔር የሸፈነውን መግለጥ ድፍረት አይደለምን?» ብለው ጠየቁን። እኛም ዮሐንስ በኤልሳቤጥ ማኅፀን በደስታ መዝለሉን አስታወስናቸው። ያን የጻፈልን ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበረ። የፅንሱን ምልክት ያስተዋለች እናት ካልተነቀፈች፣ ያንኑ ምልክት በመሣሪያ የሚፈልግ ሐኪም ስለ ምን ይነቀፋል?

ቀድሞ ማወቅ ሞትን ሁሉ አያስቀርም፤ ጊዜን ግን ይሰጣል። የሕፃናት የልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከንፈሩ ለጠቆረ ሕፃን ይህ መንገድ እጅግ ረጅም ነው፤ ገና በማኅፀን ላለ ግን እናቱ ተሸክማው ትደርሳለች። ወላጅም የሚወልዱበትን ስፍራ አስቀድሞ ይመርጣል፤ የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክራል።

ሴት ልጃችን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በዚያ ቀን ወንድሟን አልረሳነውም። እናንተም ወላጆች፣ በቤታችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሞተ ሕፃን ካለ ለሐኪም ከመንገር አትፈሩ፤ አትፈሩም። ልብን የፈጠረ አምላክ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእናቶች ጤናን ይስጥልን፤ አሜን።