በአንቲጓ ከተማ በአሮጌ ቤት የሰነበትንባቸው አራት ቀናት

በመካከለኛው አሜሪካ፤ በጓቴማላ አገር የምትገኘው የአንቲጓ ከተማ፤ እስፓኞች ያን ምድር በቅኝ ይገዙ በነበረበት ዘመን ከ1543 ጀምሮ ዋና ከተማቸው ነበረች። (ዓመቶቹን የጻፍነው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።) በ1773 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ስላፈራረሳት፤ የመንግሥቱ መቀመጫ በ1776 ዛሬ ጓቴማላ ሲቲ ወደምትባለው ሥፍራ ተዛወረ። ሹማምንቱ ሲሄዱ ገንዘቡም አብሮ ሄደ፤ የቀሩትም ሰዎች አፍርሰው በአዲስ ለመሥራት አቅም አልነበራቸውም። አሮጌውን ቤት ያተረፈው ድህነት ነው ብንል ሐሰት አይሆንም። በ1979 ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

እኛ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ለዕረፍት የተከራየነው ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው። ከመንገድ ሲመለከቱት ምንም አይደለም፤ ቢጫ የተቀባ ረጅም ግድግዳና በቅሎ ከነጭነቷ የምታስገባ የእንጨት በር ብቻ። ሲገቡ ግን አራት ማዕዘን ግቢ፤ በመካከሉ የድንጋይ የውሃ ገንዳ፤ በዙሪያው ሸክላ የተከደነ በረንዳ ይታያል። የክፍሎቹ በር ሁሉ ወደ ግቢው ስለሆነ፤ ልጆች የትም ቢሮጡ ከእናት ዓይን አይሰወሩም። ግድግዳው እጅግ ወፍራም ከመሆኑ የተነሣ፤ ታናሹ ልጃችን በመስኮቱ እጁን ቢዘረጋ የውጭውን ፍርግርግ ሊነካ አልቻለም። ዝቅ ብሎና ወፍሮ የተሠራው የመሬት መንቀጥቀጥ ተፈርቶ ነው።

ያደሱት ሰዎች የጭቃ ጡቡን የመረጉት በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበትን ስቦ መልሶ ያስወጣል፤ ኖራ ይህን አይከለክለውም፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ግድግዳውን ያበሰብሰዋል። የአባቱ የጭቃ ቤት ያለው አንባቢ ይህን ቢያስታውስ አይከፋም። (የመኝታው ትራስ ብዛት ግን ከልክ ያለፈ ነበር።)

ቤቱን የሚጠብቁት አንዲት የማያ ተወላጅ ሴት፤ በየማለዳው ከሩቅ መንደር በአውቶቡስ ይመጣሉ። ልጆቻችን «ዶኛ» ማለትን ተማሩ። በምናውቃት ጥቂት እስፓኝኛ ስንጨዋወት፤ የተወለዱት በዚሁ ቤት መሆኑን ነገሩን፤ እናታቸው የቀድሞዎቹ ጌቶች ወጥ ቤት ነበሩ፤ ልጆቻችን የሚተኙበት የጓሮ ክፍል የእሳቸው መኝታ ነበር። ቤቱ ተሸጦ ከታደሰ ወዲህ በከተማው ውስጥ ያለው ኪራይ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። ታላቋ ልጃችን «ታዲያ ክፍላቸውን ለምን አንመልስላቸውም?» አለችን፤ የምንሰጣት መልስ አጣን።

ማታ ማታ እንግዶች ሰገነት ላይ ወጥተው ፉዌጎ የተባለውን እሳተ ገሞራ ይመለከታሉ፤ በጨለማ ውስጥ ፍሙ ሲቀላ ያምራል። ዶኛ ግን ወደዚያ ፊታቸውን አያዞሩም ነበር። ጁን 3 ቀን 2018 ያ ተራራ ፈንድቶ በግርጌው ያሉትን መንደሮች ባነደደ ጊዜ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች አልቀዋል ወይም የደረሱበት ጠፍቷል። ከሟቾቹ ዘመድ ይኖራቸው እንደሆነ አልጠየቅናቸውም።

በመጨረሻው ቀን፤ በዚያው አቀበት የበቀለውን ቡና በመጥበሻ ቈልተን፤ ዶኛን በበረንዳው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። የቡና ተክል የመጣው ከእኛ አገር ነው ብንላቸው ሳቁብን፤ አያታቸው የሚያውቁት ከጓቴማላ ብቻ ነው። በረንዳውን ሲጠርጉ እንጂ ተቀምጠውበት እንደማያውቁ የገባን ወንበሩን ደጋግመው ሲዳብሱት ነው። አቦል ጠጡ፤ ቶና ጠጡ። በረካው ሳይደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ተነሡ፤ ስኒዎቹንም እንተዋቸው ብንል እንቢ ብለው አጥበው ሄዱ።